የማን ሰላጣ ነበር?

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን «አጭር ፊልም፣ ያውም የቀልድ፣ ኂስ የሚጻፍበት ነገር አይደለም፤ አይቶ፣ ስቆ መውጣት ነው» ሲል ጽፎ ነበር። እኛ ከዚህ አባባል ጋር ጠብ የለንም፤ እንዲያውም ወደነዋል። የወደድነው ግን እሱ ባሰበው ምክንያት አይደለም። «ስቆ መውጣት» የምትለዋ ሐረግ ካነበብናት ጀምሮ አልለቀቀችንም። ለመሆኑ ስቆ የሚወጣው ማነው? ስቆ መውጣት የማይችለውስ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን፣ በአሥር ደቂቃ ገደማ ስለምታልቅ አንዲት የጥቁርና ነጭ ፊልም ጥቂት ለማለት ተነሥተናል።

ፊልሚቱ «ዘ ላንች ዴት» ትባላለች፤ በእኛ አፍ «የምሳ ቀጠሮ» ብንላት ያስኬዳል፤ የወንድና የሴት ቀጠሮ ዓይነት ሽሙጥም በስሟ ውስጥ አለባት። የሠራት አዳም ዴቪድሰን ሲሆን፣ ያን ጊዜ በኒው ዮርክ ከተማ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪ ነበር። ተማሪ! የመጽሔታችን አንባቢ ይህን ቃል ሁለት ጊዜ ያንብብልን። ይህች ፊልም ከትምህርት ቤት ሥራነት ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ1990 በካን ፌስቲቫል የአጫጭር ፊልሞችን ፓልም ዶር ወሰደች፤ የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ለተማሪዎች የሚሰጠውን ሽልማት ጨመረች፤ በ1991 ደግሞ ዋናውን ኦስካር በአጭር ፊልም ዘርፍ አገኘች። በ2013 የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይኑሩ ብሎ በየዓመቱ ከሚመርጣቸው 25 ፊልሞች አንዷ አድርጎ መዘገባት፤ «ፐልፕ ፊክሽን» እና «ሜሪ ፖፒንስ» የተመዘገቡትም በዚያው ዓመት ነው። የአንድ ሰሐን ሰላጣ ታሪክ ናት እንግዲህ ይህን ሁሉ ደጅ የረገጠችው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ደኅና የለበሰች፣ በዕድሜ ጠና ያለች ነጭ ሴት (ስኮቲ ብሎክ) የገበያ ከረጢቶቿን ይዛ በኒው ዮርኩ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ ትጣደፋለች። ከአንድ ጥቁር ሰው ጋር ትጋጫለች፤ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ የነበረው ይበተናል፤ ሰውየው ሊለቅምላት ጎንበስ ሲል እሷ እርዳታውን አትፈልገውም። ባቡሩ ያመልጣታል። ቀጣዩ እስኪመጣ ጣቢያው ውስጥ ካለ ምግብ ቤት ገብታ አንድ ሰሐን ሰላጣ ትገዛለች። ቦታ ይዛ ከተቀመጠች በኋላ ሹካ መርሳቷን ታስተውልና ልታመጣ ትነሣለች። ስትመለስ አንድ ሌላ ጥቁር ሰው (ክሌበርት ፎርድ)፣ ልብሱ የነተበ፣ ቤት የለሽ የሚመስል፣ ተቀምጦ ሰላጣውን ይበላል። የኔ ነው ትላለች። ሰውየው አይለቅም። ሰሐኑን ልትስብ ትሞክራለች፤ አይሆንም። ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፤ ታየዋለች፤ በመጨረሻ ሹካዋን ትሰድና ከዚያው ሰሐን ትጎርሳለች። አንዴ እሱ፣ አንዴ እሷ። ሰሐኑ ያልቃል። ሰውየው ተነሥቶ ይሄድና ቡና ይዞላት ይመለሳል። ትቀበላለች። የባቡሯ ሰዓት ደርሶ ከወጣች በኋላ ከረጢቶቿ ትዝ ይሏታል፤ ሮጣ ስትመለስ ሰውየውም የለም፣ ከረጢቶቹም የሉም። ወዲያ ወዲህ ስትንቆራጠጥ በሚቀጥለው ጠረጴዛ ከረጢቶቿ እንዳሉ፣ የገዛችውም ሰላጣ ሳይነካ ቁጭ ብሎ ታያለች። ከመጀመሪያውም የተቀመጠችው በሰው ጠረጴዛ፣ የበላችውም የሰው ምሳ ኖሯል። ሳቋን ትለቀዋለች፤ ከረጢቶቿን አንሥታ ወደ ባቡሯ ትሮጣለች። አለቀ።

ይህን ያየነው አሥር ያህል ሆነን ነው፤ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን። ሰውየውና ከረጢቶቹ በጠፉባት ቅጽበት ከመካከላችን አንዱ «ወሰደው እኮ!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልተቃወመውም፤ ሌላውም በሆዱ ብሎታልና። ከዚያ ያ ያልተነካ ሰላጣ ብቅ ሲል ሴትዮዋ ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። ሳቃችን ሲያልቅ ግን ክፍሉ ጭር አለ። ያው ጯሂ ወዳጃችን «ቆይ፣ እኔን ምን ነክቶኝ ነው?» አለ። ጥያቄው የሁላችንም ነበር። ጥቁሮች ነን፤ የአፍሪካ ልጆች ነን፤ ስለ ዘር መድልዎ በሴሚናር ስንትና ስንት ወረቀት አቅርበናል፤ አንድ ቡትቶ የለበሰ ጥቁር ሰው ሌባ ለመሆኑ ግን ከነጯ ሴትዮ እኩል፣ ምናልባትም ቀድመናት፣ እርግጠኞች ሆንን።

ፊልሚቱ ስላታለለችን ነው ብሎ ማምለጥ ይቻላል። አዎን፣ አታልላናለች። ግን በምን? ከመጀመሪያው ጀምሮ የምንሄደው ከሴትዮዋ ጋር ነው፤ የምናውቀውም እሷ የምታውቀውን ብቻ ነው። የምግብ ቤቱ መቀመጫዎች አንዱ ከሌላው የማይለይ፣ ተራ በተራ የተደረደሩ ናቸው፤ ካሜራው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ዘወር ቢል ኖሮ ፊልሚቱ በአምስተኛው ደቂቃ ታልቅ ነበር። ዘወር አላለም። ተንኮሉ ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ምንም የለበትም። ነገር ግን ያ መቀመጫ የሸሸገው ሰላጣውን ብቻ እንጂ ሌላ ነገር አልሸሸገም። ሰውየው ሌባ ነው ብሎ የነገረን የለም፤ ንግግር ራሱ በፊልሚቱ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። ያንን ፍርድ ይዘን የመጣን እኛ ነን። ዴቪድሰን ቦታውን ባዶ ተወልን፣ እኛ ሞላነው። የድርሰት መምህሮቻችን «ለአንባቢ ቦታ ተዉለት» እያሉ ሲነግሩን ይህ ዓይነቱ ነገር መሆኑ ነው እንዴ?

ሁለተኛ ጊዜ ስናያት ግን ሌላ ፊልም ሆነችብን። እዚህ ላይ አንባቢያችን ትንሽ ይታገሠን፤ ይህች ጽሑፍ የተጻፈችው ለዚህ ክፍል ሲባል ነውና።

ሰላጣው የሰውየው መሆኑን እያወቃችሁ ተመልከቱት። አንድ ድኻ ሰው ጥግ ይዞ ምሳውን ይበላል። በድንገት አንዲት በወርቅና በኮት ያማረች ሴትዮ ከየት መጣች ሳትባል ፊቱ ትቆምና ምሳህ የኔ ነው ትለዋለች። ሰሐኑን ትጎትታለች። ይከላከላል፤ ማን አይከላከል? ከዚያ ሳይጋብዛት ትቀመጣለች፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዲሉ። ሹካዋን ታነሣና ከሰሐኑ ትጎርሳለች! እስቲ በሰውየው ቦታ ሆናችሁ አስቡት። በዚያ ጠረጴዛ ላይ እብዱ ማነው? ቀበኛው ማነው? የመጀመሪያ ጊዜ ስናይ በሴትዮዋ ድፍረት ነበር የሳቅነው፤ «ጎሽ፣ ጎረሰች!» ብለን። በሁለተኛው የሳቅነው በሰውየው ዐይን ነው፤ ያ ዐይን «ይች ደግሞ ምን ሆና ነው?» ይላል። እናም ቢያባርራት ማንም አይፈርድበትም ነበር። አላባረራትም። አበላት።

ለምን አበላት? በዚህ ላይ ተጨቃጭቀናል። አንደኛው ወገን «ምን ያድርግ፣ ፈርቷት ነው፤ በዚያ አገር አንድ ቤት የለሽ ጥቁር ከነጭ ሴት ጋር ቢጣላ ፖሊስ የሚይዘው ማንን ነው?» አለ። ይህ የሚናቅ መልስ አይደለም። ያ ግራንድ ሴንትራል በ1980ዎቹ ዓመታት የብዙ ቤት የለሾች ማደሪያ ነበረ፤ ሰውየው ከዚያ ጣቢያ ቢባረር የሚባረረው ከቤቱ ነው። ሌላው ወገን ግን ነገሩን በቡናው ያዘ። የፈራ ሰው ዝም ብሎ ያበላል፤ ተነሥቶ ቡና አያመጣም። ቡናውን ያመጣው ርቧት ነው ብሎ ቢያስብ ነው። አዎን፣ እሷን! ኮቷንና ቦርሳዋን እያየ፣ «ይች የጨዋ ልጅ፣ ምን ደርሶባት ይሆን?» ብሎ። እሷ እሱን ችግረኛ ብላ ስትጠየፍ፣ እሱ እሷን ችግረኛ ብሎ አዘነላት። እኛ ይህን ሁለተኛውን መልስ እናምናለን። ከፊልሚቱ ቀልዶች ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለናል፤ ጮክ ብሎ የማያስቀው ደግሞ ይኸው ነው።

ፈረንጅ ተቺ ቡናውን «መልካም ስሜት የሚገልጽ ድርጊት» ብሎ ያልፈው ይሆናል። በኢትዮጵያዊ ዐይን ግን ነገሩ የታወቀ ነው። ሳይጠራ የመጣ ሰው የእግዜር እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ በልቶ እንዲያው አይሄድም፤ ቡና ሳይጠጣ ተነሥቶ አያውቅም። ሰውየው በዚያ በተሰነጣጠቀ ዕድሉ ላይ ተቀምጦ ባለቤት ሆነ፤ ቤት የለሹ የቤት ጌታ ሆነ፤ ባለ ቤቷ እንግዳ ሆነች። ዴቪድሰን ይህን አስቦ ይሁን አይሁን ምን ቸገረን? ፊልሚቱ ላይ አለ።

አሁን ወደ መጨረሻው ሳቅ እንሂድ። የመጽሔታችን ጸሐፊ «ስቆ መውጣት» ያለው እሱን ነውና። ሴትዮዋ ያልተነካውን ሰላጣ አይታ ከት ብላ ስትስቅ፣ ያ ሳቅ የምን ሳቅ ነው? ከመካከላችን አንዲት እኅታችን «ንስሐ ነው፤ ሞኝነቷን ራሷ አወቀች፣ በራሷ ሳቀች፤ ከዚህ በላይ ከሰው ምን ይጠበቃል?» አለች። እውነትም በራሱ የሚስቅ ሰው ብርቅ ነው። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ ሴትዮዋ በዚያች ቅጽበት ዕዳ አለባት። የግማሽ ሰላጣና የአንድ ስኒ ቡና ዕዳ። ሰላጣዋ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሙሉውን ተቀምጧል፤ ሰውየው ወደ ውጭ ከወጣ ደቂቃም አልሞላው። የምትሄደው ግን ወደ ባቡሯ ነው። ሳቁ ደረሰኝ ሆነላት፤ ሳቀች፣ ተከፈለ፣ ወጣች። ሰውየው ምሳውን ያጎደለችበት ሴት ማን እንደነበረች፣ ለምን እንዳደረገችው መቼም አያውቅም። ቀልዱ የሱን ምሳ በልቶ ያለቀ ቀልድ ነው፤ እሱ ግን ለቀልዱ አልተጋበዘም።

ይህ የፊልሚቱ ጉድለት ነው ወይስ ፊልሚቱ አውቃ ያሳየችን ነገር? በዚህ ላይ ገና አልተስማማንም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ከዚያ በፊት ግን ፌስቲቫሎቹን እንይ፤ ይህ ሳቅ ለፊልሚቱ መንገድ ከፍቶላታል ብለን እንጠረጥራለንና።

አጭር ፊልም ነጋዴ የለውም። ሲኒማ ቤት አጭር ፊልም ብቻ አሳይቶ ትኬት አይሸጥም። ስለዚህ ለአጭር ፊልም ፌስቲቫል ማለት ገበያው፣ አደባባዩም ፈራጁም ነው። እዚያ ደግሞ አንድ ዳኛ በተርታ የሚያያቸው ፊልሞች ብዙ ናቸው። በዚህ ሰልፍ ውስጥ ቶሎ የምታልቅ፣ ንግግር የማይበዛባት፣ ፈረንሳዩም ጃፓኑም ያለ ትርጉም የሚረዳት፣ መጨረሻዋ ላይ እንደ ክብሪት ብልጭ የምትል ፊልም ስትመጣ ዳኛው ቀና ብሎ ቢቀመጥ አይገርምም። ይህን እንደ ነቀፌታ አንቆጥረውም፤ ሥራዋ በሚገባ ተሠርቷል ማለት ነው። «ያለ ስቱዲዮ፣ ያለ ባለጸጋ፣ አንድ ምስኪን ተማሪ» የሚለውን ተረት ግን በልኩ እንያዘው። የዴቪድሰን አባት ጎርደን ዴቪድሰን በሎስ አንጀለስ ማርክ ቴፐር ፎረም የተባለውን ታዋቂ ቴአትር የመሠረተና የመራ የመድረክ ሰው ነበር። ከእንጀራ ቤት የተወለደ እንጀራ ማየቱ አያስደንቅም። ልጁም በኋላ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ዳይሬክተርነት ነው ብዙ የሠራው። ዘወር እንበል።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። በካንም በሎስ አንጀለስም አዳራሹን የሞላው ማነው? በአመዛኙ ሴትዮዋን የሚመስል ሰው ነው፤ ደኅና የለበሰ፣ ባቡር ወይም አውሮፕላን የሚጠብቅ። ቀልዱ የተቀለደው በሱ ላይ ነው፤ ሆኖም አጨበጨበ። ነገሩን ከኛው ታሪክ ጋር ብናስተያየው የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»፣ የአውሬዎች ኮሜድያ ነበር፤ ቀልድ ነበር ማለት ነው። የተመለከቱት መኳንንት አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ ገባቸው፤ በዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ቴአትሩ ታገደ። አንዱ ቀልድ ተመልካቹን ነክቶ ታገደ፤ ሌላው ተመልካቹን ነክቶ ተሸለመ። የሠለጠነ ተመልካች ስለሆነ ነው የሚል ይኖራል። እኛ ግን ልዩነቱ በሩ ላይ ነው እንላለን። ተክለ ሐዋርያት ለመኳንንቱ ስቀው የሚወጡበት በር አልተዉላቸውም። ዴቪድሰን ለሴትዮዋ በር ከፈተላት፤ ተመልካቹም ተከትሏት ወጣ።

ዳኞች የሚወዱት ድኻ ይቅር የሚል ድኻ ነው። ይህን ስንል ሰውየው ክፉ ይሁን ማለታችን አይደለም። ዛሬ በየግቢያችን ካሜራና ስልክ ይዞ አጭር የቀልድ ፊልም የሚሠራ ብዙ ነው፤ ውጭ አገር ፌስቲቫል መላክም በርክቷል። ውድ የሞያ ጓዶቻችን፣ ታሪክ ስትጽፉ አንዲት ምስኪን አሮጊት ወይም አንድ ሊስትሮ በመጨረሻ ፈገግ ብሎ ሁሉን ይቅር ሲል ካያችሁ ቆም በሉ። ያ ፈገግታ የማን ነው? የሊስትሮው ወይስ የዳኛው?

አንዳንዶች ደግሞ «ታሪኩ የዴቪድሰን አይደለም፣ የተሰረቀ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ነገሩ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ደግላስ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ሰው በባቡር ጣቢያ ከማያውቀው ሰው ጋር አንድ ፓኮ ብስኩት እየተሻማ ይበላል፤ ያው፣ የራሱ ብስኩት ከጋዜጣው ሥር ተገኘ። ተረቱ ከዚያም በፊት በሰው አፍ ሲዞር የኖረ ነው። ተረት ግን ባለቤት የለውም፤ የሚጠየቀው ተራኪው ምን ጨመረበት ነው። የብስኩቱ ታሪክ በሁለት እኩያ ሰዎች መካከል ነው፤ ስሕተቱ ማንንም አይጎዳም፤ ስቆ መውጣት እዚያ ላይ ያምራል። ዴቪድሰን ብስኩቱን በምሳ፣ እኩያውን በቤት የለሽ ጥቁር ለወጠው። ያን ጊዜ ስሕተቱ ዋጋ ያለው ሆነ። ሌብነት ብለን ከምንከሰው ይልቅ እዚህ ላይ ነው የደራሲ እጅ የታየው ብንል ይሻላል።

በአማርኛ «በላ» የሚለው ቃል ስንቱን እንደሚሸከም እናውቃለን፤ እንጀራ ይበላል፣ ገንዘብ ይበላል፣ ቃል ይበላል፣ ሰው ይበላል። እዚህ ላይ አንዲት ሌላ ፊልም ትዝ አለችን፤ እዚያም የሚበላ ነገር አለ። የጀርመኑ ፔፔ ዳንኳርት «ሽቫርትስፋረር» በ1994 ያንኑ የአጭር ፊልም ኦስካር ወስዳለች። 12 ደቂቃ ናት፣ እሷም ጥቁርና ነጭ ናት፣ እዚያም አንዲት በዕድሜ የገፋች ነጭ ሴትና አንድ ጥቁር ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በበርሊን ትራም። ስሟ በጀርመንኛ ያለ ትኬት የሚሳፈረውንም «ጥቁር ተሳፋሪ»ንም በአንድ ቃል ትላለች። ሴትዮዋ መንገዱን ሙሉ ጥቁሩን ስትሰድብ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ጥቁሩ ሰው ትኬቷን ላጥ አድርጎ አፉ ከተተው፤ አላምጦ ዋጠው። «በላብኝ!» ብትል ማን ይመናት? የሱ ትኬት በእጁ ነው። እሷ ከትራሙ ወረደች።

ይህች ፊልም የወጣችበትን ጊዜ ማስታወስ ይገባል። በ1992 በሮስቶክና በመልን፣ በ1993 በዞሊንገን የስደተኞችና የቱርኮች መኖሪያ በእሳት የተቃጠለበት ጊዜ ነው፤ የዚያ ትራም ዝምታ ከየት እንደመጣ ተመልካቹ ያውቃል። ስናያት በደስታ ጮኽን፤ ጠረጴዛ ደበደብን። ሴትዮዋ ስቃ አልወጣችም፤ ዋጋዋን ከፍላ ወጣች። አንዳንዶቻችን «ይችኛዋ ትበልጣለች፣ ቢያንስ ፍርድ አለባት» አልን። በማግስቱ ደግመን ስናያት ግን የቀረልን ጥቂት ነው፤ ትኬቱ መበላቱን ካወቁ በኋላ የሚጠበቅ ነገር የለም። ጥቁሩ ሰው ብልጥ ነው፤ አሸነፈ፤ በቃ። «የምሳ ቀጠሮ» ደግሞ በተደገመች ቁጥር ወጥ ይጨመርባታል። ሰውየው ለምን እንዲያ እንዳየ፣ ለምን እንደተነሣ፣ ለምን ቡና እንዳመጣ መጠየቅ አያልቅም። ስለዚህ ፍርድ ያላት ፊልም ቶሎ ጠገብናት፤ ዕዳ የቀረባት ፊልም ግን እንደራበን አስነሣችን። ብልጫዋን በዚህ እንመሰክራለን፤ ቅሬታችንም ሳይነሣ።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር ብናልፍ ወሽመጣችንን ይቆርጠናል። ፊልሚቱን ስናይ ከሁላችንም አፍ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ምን አለበት፣ አብረው ቢበሉ!» የሚል ነበር። እኛ በአንድ ትሪ የምንበላ፣ ለመጣው ሁሉ «እንብላ» የምንል፣ የሰው አፍ በጉርሻ የምንሞላ ሕዝብ ነን፤ ከሰው ሰሐን መብላት ምኑ ያስቃል? በተማሪዎች ካፌ ተሰልፈህ ያመጣኸውን ትሪ አስቀምጠህ ውኃ ልትቀዳ ብትሄድ፣ ስትመለስ ሦስት ሰው ከቦት ብታገኝ ኦስካር የሚሰጥህ የለም። እንዲህ እያልን ስንኩራራ አንድ ከከፋ የመጣ ወንድማችን ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ «እኛ ጋ ከማንጆ ጋር ማን ይበላ ነበር?» ሲል ጠየቀን። ከዚያ ሁሉም የየአገሩን ማውጣት ጀመረ። ሸክላ ሠሪዋ ደጃፍ ላይ ሆና የሚሰጣት። ቆዳ ፋቂው ለብቻው የሚቀዳለት። ቀጥቃጩ «ዐይኑ ያርፍበታል» ተብሎ ምግቡ የሚሸፈንበት። ከመካከላችን ይህን ከአያቱ ያልሰማ አልነበረም፤ በዐይኑ ያየም ነበረ። «እንብላ» የምትለዋ ቃል ለካ ለሁሉ አልተባለችም።

ስለዚህ ያ «ወሰደው እኮ!» ከሆሊዉድ ፊልም የተማርነው ብቻ አይደለም። ከቤትም ነበረን።

ወደ ተንጠለጠለው ጥያቄ እንመለስ፤ ሴትዮዋ ዕዳዋን ሳትከፍል መውጣቷ የፊልሚቱ ጉድለት ነው ወይስ ዕውቀቷ? ለመፍረድ ይመቸን ብለን መጨረሻውን እኛው ልንለውጠው ሞከርን፤ ይህ ድፍረት ለተማሪ የተፈቀደ ነው። አንዱ፣ ሴትዮዋ ሰላጣዋን ይዛ ሰውየውን ፍለጋ ትሩጥ አለ። ሞከርነው፤ ስብከት ሆነ፤ ሳቁም ሞተ። ሌላው፣ ሰውየው ይመለስና ያንን ያልተነካ ሰላጣ አይቶ ይሳቅ አለ። ይህ ለጥቂት ጊዜ ጥሩ መሰለን። ግን ሰውየው ከሳቀ ሁለቱም ተካካሱ፤ ሁሉ ነገር ደኅና ሆነ፤ ተመልካቹም ከበፊቱ ይልቅ ተመችቶት ወጣ። ጣልነው። ሦስተኛው፣ ሴትዮዋ አትሳቅ፣ ዝም ብላ ትይ አለ። ይህኛው እስካሁን አልተጣለም፤ ስኮቲ ብሎክ የምታህል ተዋናይት ዝም ብትል ምን ታደርግ ነበር እያልን እንከራከራለን። ነገር ግን ያን ጊዜ እኛም አንስቅም፤ ካልሳቅን ደግሞ በምን እንደሳቅን ራሳችንን አንጠይቅም ነበር። ዴቪድሰን ይህን ያውቅ ነበር ብለን ለማመን ዳር ዳር እያልን ነው፤ አላመንንም፣ ዳር ዳር ነው ያልነው።

በመጨረሻ አንዱ፣ ታሪኩን በሙሉ ከሰውየው ወገን አዙረን እንጻፈው አለና ወረቀት አወጣን። ጣቢያው ውስጥ እንዴት እንዳደረ ጻፍን። ሰላጣ መግዣውን ከየት እንዳገኘ ተጣልተንም ቢሆን ጻፍን። ሴትዮዋ መጥታ ስትቆምበት የተሰማውን ጻፍን፤ ይህ ቀላል ነበር። ስትጎርስበት ያሰበውን ጻፍን። ከዚያ ሰሐኑ አለቀ፣ ሰውየው ተነሣ፣ ወደ ቡናው ሄደ። እዚህ ላይ ብዕሩን የያዘው ወዳጃችን፣ ያ «ወሰደው እኮ!» ያለው ራሱ፣ ቀና ብሎ «ሳንቲሙ ለሁለተኛ ቡና እንደሚበቃው እርግጠኛ ነበር እንዴ?» ሲል ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም። ወረቀቱ እስከዚያው ድረስ ተጽፎ በዶርማችን መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ የሚቀጥል ካለ ይምጣና ይውሰደው።